ጊዜያዊ የነፋስ መለኪያ ማማና የአካባቢ ዞኒንግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአሜሪካ ሚድዌስት ለሚኖር ሰው የነፋስ ተርባይን ብርቅ አይደለም። ከሚኒሶታዋ ወርዚንግተን ወይም ከሳውዝ ዳኮታዋ ሱ ፎልስ ወጣ ብለው የሚነዱ ወገኖቻችን በየሜዳው ያዩታል። ተርባይኑ ከመምጣቱ ዓመት ሁለት ዓመት ቀድሞ ግን አንድ ቀጭን የብረት ምሰሶ ይቆማል። ነፋሱን ይለካል፣ ከዚያ ይነሣል። በየታውንሺፑና በየካውንቲው፣ ማለትም በየአካባቢው አስተዳደር፣ ቢሮ ብዙ ክርክር የሚነሣው በዚህ ምሰሶ ነው። መሬቱን እንዲያከራይ የተጠየቀ፣ ጎረቤቱ ሊያቆም መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ የደረሰው፣ ራሱ አነስተኛ ተርባይን ለመትከል የሚያስብም ሰው ተመሳሳይ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ዋና ዋናዎቹን ሰብስበናል። ደንቡ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ይህን ካነበቡ በኋላም የራስዎን አካባቢ ደንብ ማየት የግድ ነው።

የነፋስ መለኪያ ማማ ምን ዓይነት ነገር ነው?

ባብዛኛው ቀጭን የብረት ቱቦ ነው። ውፍረቱ 20 ወይም 25 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ቁመቱ ግን ከ30 እስከ 80 ሜትር ይደርሳል። ለትልልቅ ፕሮጀክቶች ለረጅም ጊዜ የተለመደው ባለ 60 ሜትሩ ነው። በራሱ አይቆምም። በአራት አቅጣጫ፣ በተለያየ ከፍታ በታሰሩ ውጥር የብረት ገመዶች ተይዞ ነው የሚቆመው። ገመዶቹ መሬት ውስጥ ከገቡ መልሕቆች ጋር ይታሰራሉ። የባለ 60 ሜትሩ መልሕቆች ከምሰሶው እስከ 50 ሜትር ገደማ ሊርቁ ይችላሉ። ምሰሶው ራሱ አንድ ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ገመዶቹ ግን ሰፊ ማሳ ይይዛሉ። ይህን ያልገባው ባለ መሬት በኋላ ትራክተሩን የት እንደሚያዞር ይቸገራል።

ምሰሶው ላይ የነፋስ ፍጥነት መለኪያ፣ አቅጣጫ ጠቋሚና ቴርሞሜትር ይሰቀላሉ። ከታች መረጃውን የሚመዘግብ ሳጥን፣ ትንሽ ሶላር ፓኔልና በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራ ሞደም አሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ የኮንክሪት መሠረት የለውም። መሬት ላይ ተገጣጥሞ በዊንች ቀና ይደረጋል። ልምድ ያለው ቡድን በጥቂት ቀናት ሠርቶ ይሄዳል።

የአየር ትንበያ መረጃ እያለ ለምን እዚሁ መለካት ያስፈልጋል?

ከነፋስ የሚገኘው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም። በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ (ፍጥነት × ፍጥነት × ፍጥነት) ነው የሚጨምረው። በሰከንድ 6 ሜትር የሚነፍስና 7 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ለጆሮ ብዙም አይለያዩም። በውስጣቸው ያለው ኃይል ግን በ59 በመቶ ይበላለጣል። ስለዚህ ትንሽ የግምት ስህተት አንድን ፕሮጀክት ከአዋጪ ወደ ከሳሪ ይለውጠዋል። ባንክም በግምት ብቻ አያበድርም።

በአቅራቢያ ያለ ኤርፖርት የሚለካው ነፋስ ባብዛኛው በ10 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ነው። ኮረብታ፣ ዛፍ፣ ሸለቆ ሁሉ ነፋሱን ይለውጠዋል። የኤርፖርቱ መረጃ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። የማማው የአንድ ዓመት ልኬት ከኤርፖርቱ የብዙ ዓመት መዝገብ ጋር ተነጻጽሮ፣ ያ ዓመት ከወትሮው የተለየ እንደሆነና እንዳልሆነ ይታያል።

ፈቃዱን የሚሰጠው ማነው? ዋሽንግተን፣ ግዛቱ ወይስ ከተማው?

በአሜሪካ አገር አቀፍ የዞኒንግ ሕግ፣ ማለትም የትኛው መሬት ለምን አገልግሎት እንደሚውል የሚወስን ሕግ፣ የለም። ግዛቶች ሥልጣኑን ለከተማ፣ ለታውንሺፕና ለካውንቲ ሰጥተዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1926 ከኦሃዮዋ ዩክሊድ በመጣው ክስ፣ አካባቢዎች መሬትን በአገልግሎት መከፋፈላቸው ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይጋጭም ብሎ ወስኗል። ስለዚህ ማማው ይቁም ወይስ አይቁም የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አካባቢው ዞኒንግ ቢሮ ነው።

የፌዴራሉ መንግሥት በዋናነት የሚመጣው በአቪዬሽን በኩል ነው፣ በኋላ እንመለስበታለን። ግዛቶችም የራሳቸውን ይጨምራሉ።

አንድ ልዩ ሁኔታ ማወቅ ይጠቅማል። በቴክሳስ ካውንቲዎች በጥቅሉ የዞኒንግ ሥልጣን የላቸውም። ከከተማ ክልል ውጭ መሬት ያለው የዳላስ ወይም የሂዩስተን ነዋሪ የሚጠብቀው የዞኒንግ ቦርድ ላይኖር ይችላል። እዚያ ባለ መሬቱን የሚጠብቀው ከኩባንያው ጋር የሚፈርመው ውል ነው። ሌላ ቦታ ቦርዱ የሚጠይቀውን ሁሉ እዚያ ራስዎ መጠየቅ አለብዎት።

ታዲያ ችግሩ የሚመጣው ከየት ነው?

ከቁመቱ። ብዙ የዞኒንግ ደንቦች በመኖሪያና በእርሻ ቀጠና የሕንፃ ቁመትን በ35 ጫማ፣ ማለትም በ10.7 ሜትር ገደማ ይገድባሉ። ደንቡ ሲጻፍ የታሰበው ቤትና ጎተራ ነው። የ60 ሜትር ምሰሶ ግን ወደ 197 ጫማ ነው።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ይለያያል። አንዳንድ ቦታ ደንቡ ማማውን በስሙ ጠቅሶ ቀለል ያለ የአስተዳደር ፈቃድ ይበቃዋል ይላል። ሌላ ቦታ ልዩ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ይህ ማለት ፕላኒንግ ኮሚሽኑ ሂሪንግ በሚባል ስብሰባ ሕዝብ ሰምቶ፣ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ሦስተኛው መንገድ ቫሪያንስ ነው፣ ደንቡን እንዲያልፉ የሚሰጥ ልዩ ሁኔታ ማለት ነው። ይህ ከሁሉ የከበደው ነው። አመልካቹ መሬቱ ራሱ ልዩ ችግር እንዳለበት ማሳየት ይጠበቅበታል። «እዚህ ጥሩ ነፋስ አለ» ማለት ብዙ ጊዜ አይበቃም።

በኔ አስተያየት ትክክለኛው የመጀመሪያው መንገድ ነው። ማሳቹሴትስ ለከተሞቿ ያዘጋጀችው ናሙና ደንብ ይህን ይመስላል፦ የመለኪያ ማማ በሁሉም ቀጠናዎች ይፈቀዳል፣ ግን እንደ ጊዜያዊ ግንባታ የሕንፃ ፈቃድ ያወጣል፣ ከድንበር ርቀትና ከመሳሰሉት ምክንያታዊ ገደቦችም አያመልጥም። ዓመት ሁለት ዓመት ቆሞ ለሚነሣ ምሰሶ ተርባይን የሚያልፍበትን ሙሉ ሥርዓት መጠየቅ የማንንም ደኅንነት አይጨምርም። የቢሮውንም የአመልካቹንም ጊዜ ይበላል። ምንም ደንብ አለማውጣት ደግሞ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ማመልከቻ ሲመጣ ሁሉም ነገር በስሜት ይወሰናል።

«አንቴና ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም?

ብዙ ደንቦች ከቁመት ገደቡ የሚያወጧቸው ነገሮች አሉ፦ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ የእህል ሳይሎ፣ የጭስ ማውጫ፣ አንቴና። አንዳንድ አመልካች ማማውን እዚህ ዝርዝር ውስጥ ሊከተው ይሞክራል። አይመከርም። ማማው ምልክት አያሰራጭም፣ ይለካል እንጂ። የዞኒንግ ኃላፊው ቢቀበለው እንኳ ጎረቤት ይግባኝ ብሎ ሊያስነሣው ይችላል።

የሞባይል ማማን እንደ ምሳሌ የሚጠቅሱም አሉ። የ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ አካባቢዎች የሞባይል ማማን እንዳይከለክሉ ገደብ አድርጎባቸዋል። ያ ጥበቃ ግን የነፋስ መለኪያ ማማን አይሸፍንም። ሁለቱ ከሩቅ ስለሚመሳሰሉ ብቻ አንድ ሕግ አይገዛቸውም።

ጊዜያዊ ሲባል ስንት ጊዜ ነው?

ከቴክኒክ አንጻር ከአንድ ዓመት ያነሰ ልኬት ዋጋው ዝቅተኛ ነው። የበጋና የክረምት ነፋስ አንድ አይደለም፣ አራቱም ወቅቶች መታየት አለባቸው። ኩባንያዎች ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይፈልጋሉ። ደንቦችም በዚሁ አካባቢ ይገድባሉ፣ አንዳንዱ የማራዘም ዕድል ይሰጣል።

እዚህ ላይ ጠንከር ማለት ያስፈልጋል። ፈቃዱ ላይ የሚነሣበት ቀን መጻፍ አለበት። «ልኬቱ እስኪያልቅ» የሚል ቃል ቀን አይደለም። ማራዘም ካስፈለገ ኩባንያው ጊዜው ከማለቁ በፊት ይጠይቅ፣ ምክንያቱንም ያስረዳ።

ከጎረቤት ድንበር ምን ያህል መራቅ አለበት?

የብዙ ደንቦች ሐሳብ አንድ ነው፦ ማማው ቢወድቅ በባለቤቱ መሬት ላይ ይውደቅ። ስለዚህ ርቀቱ ከቁመቱ ጋር እኩል፣ ወይም የቁመቱ 1.1 ወይም 1.5 እጥፍ ይደረጋል። በ1.1 ስሌት ባለ 60 ሜትር ማማ ከድንበር፣ ከመንገድና ከመብራት መስመር 66 ሜትር ይርቃል ማለት ነው።

ማማ ይወድቃል ወይ? አዎ፣ አልፎ አልፎ ይወድቃል። ዋናው ጠላቱ በረዶ ነው። ቅዝቃዜ ውስጥ የሚዘንብ ዝናብ ገመዶቹ ላይ ይጋገርና ክብደት ይጨምራል፣ ከዚያ ነፋስ ይመጣል። በሰሜኑ ግዛቶች ያሉ ሰዎች ይህን ርቀት አቅልለው እንዳያዩት። የመልሕቆቹንም ቦታ ይጠይቁ። አንዳንድ ደንብ ርቀቱን ከምሰሶው ብቻ ይለካል፣ መልሕቁ ግን ድንበር ጥግ ሊደርስ ይችላል።

ከአውሮፕላን ጋር ምን ያገናኘዋል?

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ይህ ነው፣ የሰው ሕይወት ስላለበት።

የፌዴራሉ አቪዬሽን አስተዳደር፣ ኤፍኤኤ፣ ከመሬት ከ200 ጫማ በላይ ለሚቆም ማንኛውም ነገር ግንባታው ከመጀመሩ 45 ቀን ቀድሞ እንዲያውቅ ይፈልጋል። ኤርፖርት አጠገብ ከሆነ ከዚያ ያነሰ ቁመትም ማሳወቅ ያስፈልገዋል። 200 ጫማ 61 ሜትር ገደማ ነው። የተለመደው ማማ ለምን በትክክል 60 ሜትር እንደሆነ አሁን ይገባዎታል። ከመስመሩ በታች እንዲሆን ነው። ከመስመሩ በታች ስለሆነም መብራት የለውም። ምልክት ካልተደረገበት በተፈጥሮው የብረት ቀለም፣ ግራጫ ሆኖ ይቆማል።

እዚህ ከፍታ ላይ የሚበር ማነው? ሰብል ላይ መድኃኒት የሚረጩ ፓይለቶች። እነሱ ከመሬት በጥቂት ሜትር ከፍታ ነው የሚሠሩት። የአምቡላንስ ሄሊኮፕተሮችም ገጠር ሲያርፉ እዚሁ ከፍታ ውስጥ ያልፋሉ። ባለፈው ወር ባዶ የነበረ ማሳ ላይ ዛሬ ግራጫ ምሰሶና የማይታዩ ገመዶች ቆመዋል። ካርታ ላይ የለም። ለፓይለቱ ማንም አልነገረውም። እ.ኤ.አ. በጥር 2011 በካሊፎርኒያ ዴልታ አንድ የእርሻ ፓይለት ምልክት ካልተደረገበት የመለኪያ ማማ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። እንዲህ ያለ አደጋ የመጀመሪያው አልነበረም።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ኤፍኤኤ ከ200 ጫማ በታች የሆኑ ማማዎች ምልክት እንዲደረግባቸው መከረ፦ ምሰሶው ብርቱካናማና ነጭ እየተፈራረቀ ይቀባ፣ ገመዶቹ ላይ ብርቱካናማ ኳስ ይሰቀል፣ መልሕቁ አጠገብ ገመዱ ደማቅ ሽፋን ይልበስ። ምክር እንጂ ግዴታ አልነበረም። ዋዮሚንግ፣ ሳውዝ ዳኮታ፣ ካሊፎርኒያ፣ ሚኒሶታ፣ ቴክሳስና ሌሎችም ግዛቶች በየራሳቸው ሕግ ግዴታ አደረጉት። ኮንግረስም በ2016 ባወጣው ሕግ ኤፍኤኤ ከ50 እስከ 200 ጫማ ለሆኑ የገጠር ማማዎች የምልክት ደንብ እንዲያወጣ አዘዘ፣ በ2018 ደግሞ ሕጉን አሻሽሎ የመለኪያ ማማዎች በመረጃ ቋት እንዲመዘገቡ አከለ።

የእርስዎ ታውንሺፕ ግዛቱንም ዋሽንግተንንም መጠበቅ የለበትም። «ቀለም፣ ኳስና የገመድ ሽፋን የግድ ነው፣ ማማው ከመቆሙ በፊት በአካባቢው ያሉ የርጭት ፓይለቶችና የአየር አምቡላንስ ይነገራቸው» የሚል አንድ አንቀጽ ፈቃዱ ላይ መጨመር ይቻላል። ለኩባንያው ወጪው ትንሽ ነው። ሂሪንግ ላይ ለአንድ ነገር ብቻ የመናገር ዕድል ካገኙ ይህን ይናገሩ። መሬቱ የእርስዎ ከሆነም ምልክት የሌለው ማማ አይቀበሉ።

ድምፅ፣ መብራት፣ ወፍ?

የሚሽከረከር ትልቅ ነገር ስለሌለው የተርባይን ዓይነት ድምፅ የለውም። ኃይለኛ ነፋስ ሲኖር ገመዶቹ ሊያፏጩ ይችላሉ። ከ200 ጫማ በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ መብራት የለውም። ወፎችን በተመለከተ የሚያሳስበው ገመዱ ነው። የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት በ2012 ባወጣው የነፋስ ኃይል መመሪያ፣ በተቻለ መጠን ያለ ገመድ የሚቆም ማማ እንዲመረጥ፣ ካልተቻለ ገመዱ ላይ ወፍ የሚያይበት ምልክት እንዲደረግ ይመክራል። ማማው ላይ የሌሊት ወፍ ድምፅ መቅጃ የሚሰቀልበት ጊዜም አለ፣ ይህ ጥሩ ነገር ነው።

ማማው ከቆመ ተርባይኑ መምጣቱ አይቀርም ማለት ነው?

አይደለም። ሂሪንግ ላይ ግን ክርክሩን ሁሉ የሚያጋግለው ይህ ፍርሃት ነው። ሰው ስለ ምሰሶው ተጠርቶ ስለ ተርባይን ይጨቃጨቃል።

የኬፕ ዊንድ ታሪክ ጥሩ ትምህርት አለው። ኩባንያው በማሳቹሴትስ ባሕር ዳርቻ በናንተኬት ሳውንድ 130 ተርባይን ሊተክል አቅዶ ነበር። መጀመሪያ 197 ጫማ የሆነ የመለኪያ ማማ ባሕሩ ላይ ለማቆም ጠየቀ። ባሕር ስለሆነ ዞኒንግ አልነበረም፣ ፈቃዱን በ2002 የሰጠው የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ክፍል ነው። ተቃዋሚዎች ማማውን ብቻ ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱ። ክርክሩ እስከ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ደርሶ በ2004ና በ2005 ማማው ረታ። ማማው ቆመ፣ ለካ። ተርባይኖቹ ግን ከብዙ ዓመታት ሙግት በኋላ አንድም ሳይተከል ፕሮጀክቱ በ2017 ተዘጋ።

ማማው ፈቃድ ማግኘቱ ተርባይኑን አላመጣም። ማማውን መክሰሱም ተርባይኑን አላስቀረም፣ ያስቀረው ሌላ ነገር ነው። ተርባይን የራሱ ማመልከቻ፣ የራሱ ሂሪንግ፣ የራሱ ደንብ አለው። በብዙ ግዛት ትልልቅ ፕሮጀክቶችን የሚወስነው ታውንሺፑ ላይሆንም ይችላል። ለምሳሌ በሚኒሶታ ከ5 ሜጋ ዋት በላይ የሆነ የነፋስ ፕሮጀክት በመሠረቱ ወደ ግዛቱ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ነው የሚሄደው።

ይህ ማለት ስለ ተርባይን ማሰብ ገና ነው ማለት አይደለም። ማማ ሲቆም አካባቢው የተርባይን ደንብ ከሌለው ለመጻፍ የቀረው ጊዜ ያ የልኬት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ በረጋ መንፈስ የተጠቀመበት ታውንሺፕ በኋላ አይጣደፍም።

ኩባንያ መሬቴ ላይ ማማ ላቁም አለኝ። ምን ልጠይቅ?

መጀመሪያ የቀረበልዎት ወረቀት ምን እንደሆነ ይለዩ። የማማ ውል ብቻ ነው? ወይስ ውስጡ የተርባይን መብትም አለበት? ብዙ ጊዜ ሁለቱ አንድ ላይ ይመጣሉ። ለሁለት ዓመት ምሰሶ የፈረሙ መስሎዎት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት መሬትዎን ያሰሩ እንዳይሆኑ። ጠበቃ ሳያይ አይፈረምም። የማኅበረሰባችን ሰው በትሕትና «እሺ» የሚልበት ቦታ ይህ አይደለም።

ከዚያ ኢንሹራንሱን ይጠይቁ። ኩባንያው የኃላፊነት ኢንሹራንስ ይኑረው፣ የእርስዎም ስም ተጨማሪ ተሸፋኝ ሆኖ ይግባበት። ከብት ገመዱ ላይ ከታከከ ወይም ኮምባይን መልሕቅ ከመታ ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። ከብት ካለ መልሕቆቹ በአጥር ይከለሉ። ሰብል ሲረግጡ ካሳው ስንት ነው? ሠራተኞች በየትኛው መንገድ ይገባሉ? መሬቱ ጭቃ ሲሆንስ?

የዞኒንግ ፈቃዱን ማን ያወጣል የሚለውም በግልጽ ይጻፍ። ማመልከቻው ላይ የባለ መሬቱ ፊርማ ስለሚጠየቅ፣ ፈቃድ ሳይወጣ ማማ ከቆመ የቅጣት ደብዳቤው ወደ እርስዎም ይመጣል።

የልኬቱ መረጃ ብዙ ጊዜ የኩባንያው ምስጢር ነው። ቅጂ መጠየቅ ግን ነውር የለውም። ኩባንያው ፕሮጀክቱን ትቶ ቢሄድ፣ የመሬትዎን ነፋስ የሚያሳይ ሰነድ በእጅዎ መኖሩ ለሚቀጥለው ድርድር ይጠቅማል።

ለቤቴ ትንሽ ተርባይን ልተክል ነው። እኔንም ይመለከታል?

ይመለከታል፣ ቁመቱ ግን አነስተኛ ስለሚሆን ቀለል ይላል። ጣሪያ ላይ የሚቆም አጭር ዘንግ በብዙ ቦታ ችግር የለውም። 20 ወይም 30 ሜትር ከሆነ የ35 ጫማውን ገደብ ያልፋል። የቤት ባለቤቶች ማኅበር ካለ ዞኒንጉ ቢፈቅድ እንኳ ማኅበሩ በራሱ ውል ሊከለክል ይችላል። ሁለቱንም ይጠይቁ።

ማማ ሳይቆም መለካት አይቻልም?

ይቻላል። ላይዳር የሚባል መሣሪያ መሬት ላይ ተቀምጦ ወደ ላይ በሚልከው የሌዘር ጨረር ከ100 ሜትር በላይ ያለውን ነፋስ ይለካል። ሶዳር ደግሞ በድምፅ ይሠራል። በተጎታች ጋሪ መጥቶ በጋሪ ይሄዳል። የቁመት ጥያቄ የለበትም፣ ለፓይለትም አደጋ አይሆንም። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፣ ኤሌክትሪክም ይፈልጋል፣ ብዙ ባንኮችም ቢያንስ አንድ ማማ ከጎኑ እንዲኖር ይመርጣሉ። ኤርፖርት ወይም የርጭት ማሳ አጠገብ ለሆነ ቦታ ግን ቦርዱ «ላይዳር አይበቃም ወይ?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው።

ጎረቤት ነኝ። ድምፄ የሚሰማው እንዴት ነው?

ልዩ ፈቃድ ሲጠየቅ ሂሪንግ አለ፣ ማስታወቂያም ይወጣል። በሚቺጋን ሕግ ለምሳሌ ቢያንስ 15 ቀን ቀድሞ በጋዜጣ ይወጣል፣ በ300 ጫማ ውስጥ ላሉ ባለ ንብረቶችና ነዋሪዎችም ይላካል። 300 ጫማ በገጠር ምንም አይደለም፣ አንድ ማሳ አያልፍም። ስለዚህ ደብዳቤ አልደረሰኝም ብለው አይቀመጡ። የታውንሺፑን የስብሰባ አጀንዳ አልፎ አልፎ ይመልከቱ።

ሂሪንግ ላይ የሚሰጥዎት ጥቂት ደቂቃ ነው። «አልፈልግም» ከማለት «ይህ ቅድመ ሁኔታ ይጨመር» ማለት ይሻላል። ቦርዱ ውሳኔውን በደንቡ መስፈርት ላይ ማስደገፍ ስላለበት፣ መስፈርቱን ጠቅሶ የሚናገር ሰው ይሰማል። ርቀት፣ ቀለም፣ የሚነሣበት ቀን፣ የማፍረሻ ዋስትና፤ እነዚህ ቦርዱ ሊጽፋቸው የሚችሉ ነገሮች ናቸው። በጽሑፍም ያስገቡ፣ መዝገብ ውስጥ ይቀራል። እንግሊዝኛው የሚያስቸግር ከሆነ ቀደም ብለው ደውለው አስተርጓሚ ይጠይቁ።

ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ አጭር ነው። በማሳቹሴትስ 20 ቀን፣ በፔንሲልቬንያ 30 ቀን ነው። ካለፈ አለፈ።

ኢትዮጵያ ውስጥስ እንዴት ነው?

መንገዱ ሌላ ነው። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ኩባንያ ከአንድ ገበሬ ጋር ብቻ ተዋውሎ ማማ አያቆምም። ጉዳዩ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በአካባቢ አስተዳደር በኩል ይሄዳል፣ የተነካ ሰብልና ንብረት ካሳ ይጠየቅበታል። ጎረቤት ተሰብስቦ የሚከራከርበት የአሜሪካ ዓይነት የዞኒንግ ቦርድ የለም። ነፋሱ ግን ያው ይለካል። የ51 ሜጋ ዋቱ አዳማ አንድም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2013 የተመረቀው የ120 ሜጋ ዋቱ አሸጎዳ ከመሠራታቸው በፊት በቦታው ልኬት ተካሂዷል። እዚያ ለመሥራት የሚያስቡ መሐንዲሶች የአሜሪካውን የምልክት ልምድ ይዘው ቢሄዱ ጥሩ ነው፣ ገመዱ ለፓይለት የትም አይታይም።

ጊዜው አልቆ ማማው ካልተነሣስ?

ይህ ይከሰታል። ፕሮጀክቱ ይሰረዛል፣ ኩባንያው ይሸጣል ወይም ይከስራል፣ ምሰሶው እዚያው ይቀራል። ገመዱን የሚያጠብቅ፣ ቀለሙን የሚያድስ፣ የወደቀውን ኳስ የሚመልስ ሰው የለም። አደገኛ የሚሆነው ያኔ ነው።

መከላከያው ገንዘብ ነው። ቦርዱ ፈቃድ ሲሰጥ ማማውን ለማንሣት የሚበቃ ዋስትና፣ ቦንድ፣ እንዲያዝ ማድረግ ይችላል። ባለ መሬቱም በውሉ ውስጥ ተመሳሳይ ይጠይቅ። ፈቃዱ ካለቀ በኋላ በስንት ቀን እንደሚነሣ፣ ካልተነሣ ታውንሺፑ አንሥቶ ከቦንዱ እንደሚከፍል ይጻፍ። መልሕቆቹም አብረው ይውጡ፣ ውስጥ የቀረ ብረት ማረሻ ይሰብራል። ማማው ከተነሣ በኋላ ቢሮው ሄዶ አይቶ ፋይሉን ይዝጋ፣ የመረጃ ቋት ውስጥ ከተመዘገበም መነሣቱ ይገለጽ።

አሁን መሬትዎ ላይ ቀኑ ያለፈበት ማማ ካለ፣ ለኩባንያው በጽሑፍ አሳውቀው ቅጂውን ለዞኒንግ ቢሮው ይስጡ። ራስዎ ገመዱን ለመፍታት አይሞክሩ። አንድ ገመድ ሲለቀቅ ሌሎቹ ምሰሶውን ወዲያው ሊጥሉት ይችላሉ። ማውረድ እንደ ማቆሙ የባለሙያ ሥራ ነው።